ሙሽራው የተባለው እንጨት

ደም ግፊቴን ልለካ ወደ ሆስፒታል የሄድኩበት ጠዋት ነበር። የመጠበቂያው ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ሞልተው ሰው ሁሉ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ተቀምጧል። ቆሜ ቦታ ስፈልግ፣ «መምህር! ወዲህ ይምጡ። ጠጋ ጠጋ እንላለን» የሚል የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጎረቤቴ ነው።

ይህ ጎረቤቴ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ክፍል ተቆጣጣሪ ነው። የእሱንና የእኔን ቤት የሚለያቸው አንድ ዝቅ ያለ የግንብ አጥር ስለሆነ፣ ጠዋት ሲወጣ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማዋለሁ፤ እሱም የሬዲዮኔን ዜና ያለ ክፍያ ያዳምጣል። ሰላምታው የማይጓደል፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ያን ዕለት አጠገቡ ልጁ ተቀምጣ ነበር። እሷም በዚያው የስፌት ክፍል ልብስ ሰፊ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድምጿ ስለማይሰማ በቤትም በሠፈርም «ጭምቴ» ነው የምትባለው። ወገቧን በእጇ ደግፋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ደግሞ አገረሸባት እንዴ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አገረሸባት። ኩላሊት ነው ይላሉ። ሐኪሟ ውሃ ጠጪ ትላታለች፣ እሷ አትጠጣም። ጠዋት ጠርሙሱን ሞልታ ይዛ ትወጣለች፣ ማታ እንደሞላ ይዛው ትመለሳለች። ጠርሙሱ ከእኛ እኩል ሥራ እየዋለ ነው፣ መምህር፤ አንድ ቀን ደመወዝ ሳይጠይቅ አይቀርም።»

ይህን ሲል እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ወዲያው ተራቸው ደርሶ ገቡ። ሲወጡ ሐኪሟ እስከ በሩ ተከትላቸው መጣች።

«አባት፣ እንደ በፊቱ መድኃኒት ሰጥቼ ልሸኛችሁ እችላለሁ። ነገር ግን እንዲህ እየተመላለሰባት ከቀጠለ ኩላሊቷ ይጎዳል። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ እንደ ተቀደደ ልብስ አይጣፍም። ውሃ ትጠጣ። ሽንቷንም አትያዝ።»

ጎረቤቴ የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ በአፍረት ወደ ጣሪያው ተመለከተ። ተመልሰው ሲቀመጡ አንዲት ወጣት መጻሕፍት በክንዷ ታቅፋ እያለከለከች ደረሰች። አጎቷን ጉንጩን ስማ ጭምቴን አቀፈቻት።

«መምህር፣ የእህቴ ልጅ ናት» አለኝ። «ገና አፏን ስትፈታ ጀምሮ ‹ለምን› ማለት ስላላቋረጠች ‹ለምኔ› እንላታለን። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶ... ሶሲዮ... ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ሶሲዮሎጂ፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ እሱን። እዚህ ቤት ‹ሎጂ› ያልተጻፈበት በር የለም። የልቡም የቆዳውም አለ። ያንቺው የየትኛው አካል ነው?»

«የኅብረተሰብ ነው።»

«እሱን ደግሞ ምኑን ያመዋል?»

«እንደ ጭምቴ ነው፣ ጋሼ። ካልጠየቁት የሚያመውን አይናገርም።»

በአግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ጭምቴ አጠገብ ተጨንቃ ተቀመጠችና በለሆሳስ ትጠይቃት ጀመር። ወንበሩ ጠባብ ስለነበረ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«ውሃ ለምን አትጠጪም?»

«አይጠማኝም።»

«የእረፍት ቀን እቤት ስንውል ከእኔ እኩል ነው የምትጠጪው። ፋብሪካ ስትገቢ ነው የማይጠማሽ?»

ጭምቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ሥራ ላይ ብትጠጪ ምን ይመጣል?»

«መነሣት ይመጣላ።»

«ብትነሺስ?»

«ሙሽራውን ይዤ በሰው መሃል ማለፍ አልችልም!» አለች ጭምቴ፤ ይህን ያህል ረዥም ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎረቤቴ ሳል ሳይኖርበት ሳለ።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ጠጡ ተብዬ ከአጥሩ ማዶ ተጠራሁ። ነገሩ ሻይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ፣ ለምኔ ወንበሯን ከአጎቷ ፊት ለፊት አስተካክላ ተቀምጣ ሳገኛት ነው።

«እንኳን መጡ፣ መምህር» አለ ጎረቤቴ። «ይቺ ልጅ ፋብሪካዬን በሶሲዮሎጂ ልትከሰው ነው። ዳኛ ይሁኑን።»

«መጀመሪያ ሙሽራው ማን እንደሆነ ይነገረኝ» አልኩ።

ጎረቤቴን አሳፍሮት ነበር፤ ቢሆንም ነገረኝ። በስፌት ክፍሉ የሠራተኞቹ መጸዳጃ ቤት ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚፈልግ ሰው እጁን አንሥቶ፣ ተፈቅዶለት፣ ቁልፉን ወስዶ ይሄዳል። ቁልፉ በየኪሱ እየተረሳ ስላስቸገረ አናጢው ክንድ የሚያህል ድቡልቡል እንጨት ጠርቦ አሠረበት። እንጨቱ አናት ላይ ትልቅ የብረት ቀለበት ስላለ አንዲት ቀልደኛ ልብስ ሰፊ፣ «ከመካከላችን ቀለበት ያለው እሱ ብቻ ነው» ብላ ሙሽራው አለችው። ስሙም ጸና። አንዷ እንጨቱን ታቅፋ በስፌት መኪኖቹ መሃል ስታልፍ ከወዲህ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ከወዲያ፣ «ጫጉላው አይርዘም!» ይባላል።

«ቀልድ ነው» አለ ጎረቤቴ። «ሥራ ያለ ቀልድ አይገፋም። ቁልፉም ያለ ምክንያት አልመጣም። በፊት በሩ ክፍት ሳለ እየሄዱ እዚያ ቆመው ወሬ ይሰልቁ ነበር። ሥርዓት ያስፈልጋል። ደግሞ ክፉውንና ደጉን ሠራተኛ የሚለየውም ያው ነው። ጨዋ ሰው ከተቀመጠበት አይነሣም። እኔ ልጄን የምኮራባት ለምን ሆነና! ከመኪናዋ ንቅንቅ አትልም።»

«ጋሼ፣ ይሄኮ መዋቅራዊ የሆነ የሥልጣን ግንኙነት በግለሰቦች ሥነ ልቦና ውስጥ ሰርጾ...»

«ቆይ፣ ቆይ። በአማርኛ።»

ለምኔ ፊቷ ቀላ። እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ሁሉ በመጀመሪያ የሚያመጣው ቃሉን ነው፤ ትርጉሙ ኋላ እያዘገመ ይደርሳል። እሷ ግን ፈጥና ታረመች።

«እሺ፣ በአማርኛ። ጭምቴ ታማለች። ‹ለምን ታመመች?› ሲባል አንዱ ‹ዕድሏ ነው› ይላል። ሌላው ‹ከእናቷ የወረሰችው ነው› ይላል። ሐኪሟ ‹ውሃ ስለማትጠጣ ነው› አለች፤ ትክክል ናት። እኔ የምማረው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው፤ ለምን አትጠጣም? መነሣት ስለማትፈልግ። ለምን? እንጨቱን ስለምታፍር። እንጨቱን ማን አመጣው? እያልኩ ስሄድ ከአንዲት ሴት ወገብ ተነሥቼ የፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ እደርሳለሁ። ‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ› ይሉ የለ?»

«ይሄማ ነገረኝነት ነው» አለ ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞሮ። «ለካ ነገረኛን ያስመርቁ ጀምረዋል!»

«ከፈለጉ እንደዚያ ይበሉት። ሶሲዮሎጂ ሰው አብሮ ሲኖር የሚያበጀውን ልማድና ሥርዓት ማጥኛ ነው። አንድ አጥኚ መጥቶ ሴቶቹ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ቆጥሮ ሊሄድ ይችላል። እሱም ሥራ ነው። ሂሳዊ የሚባለው ሶሲዮሎጂ ግን ‹ቁልፉ በማን እጅ ነው?› ይላል። ይህ ሥርዓት ለማን ተመቸ? ማንን ጎዳ? ከሰማይ የወረደ ነው ወይስ ሰው ያበጀው? ሰው ካበጀውስ ሰው ሊያሻሽለው አይችልም?»

«ሁሉም ነገር እየተጠየቀ እንዴት ይኖራል፣ ልጄ? ቤትሽን ለማወቅ መሠረቱን ትቆፍሪያለሽ?»

«ግድግዳው ከተሰነጠቀ እቆፍራለሁ፣ ጋሼ። ጭምቴ ስንጥቁ ናት።»

እዚህ ላይ ሻዩ ቀረበ። ያቀረበችው ጭምቴ ነበረች። ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ለመሄድ ስትል ለምኔ ቀሚሷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ጋሼ፣ አይቆጡኝም?»

«ብቆጣስ ትተዪዋለሽ?»

«እርስዎ ራስዎ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ እጅዎን የሚያነሡት ለማን ነው?»

«ለማን አነሣለሁ? ተቆጣጣሪው እኔ!»

«ሙሽራውንስ ይዘው ነው የሚሄዱት?»

«እኔ ትንሿ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ አለች።»

«የሥራ አስኪያጁስ?»

«የቢሮዎቹማ አይቆለፍም።»

«እንግዲህ ጨዋ ማለት ከተቀመጠበት የማይነሣ ከሆነ፣ እርስዎና ሥራ አስኪያጁ ደስ ሲላችሁ የምትነሡ... ምን ልበላችሁ?»

ቃሉን አልተናገረችውም፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። ጎረቤቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። እኔ አሁን ቤቱ ሊናወጥ ነው ብዬ ስሰጋ፣ አንድ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ጭምቴ ነች። አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

የልጁ ሳቅ ቁጣውን በጉሮሮው አስቀረው። ግን ተጎድቶ ነበር። «እኔ ነኝ ልጄን ያሳመምኳት ነው የምትዪኝ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለምኔም ደነገጠች። ከወንበሯ ተነሥታ እግሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው።

«አላልኩም፣ ጋሼ። እርስዎ ክፉ ሰው ቢሆኑማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉውን አንሥቶ ደግ ሰው መተካት ነው። ከእርስዎ በፊት የነበሩትም ተቆጣጣሪ ደግ ነበሩ አሉ። የቀለዱትም ሴቶች ክፉ አይደሉም። ሁሉም ደግ ሆኖ ሰው የሚታመምበት ሥርዓት አለ። እኔ የምማረው ጥፋተኛ መፈለጊያ አይደለም። ደጋግ ሰዎች ሳያውቁት የሚሸከሙትን እንጨት ማየት ነው።»

አንባቢ ይህን ንግግር እንዲያስተውልልኝ እወዳለሁ። ብዙ ሰው ሂሳዊ ሲባል ስድብ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው ጆሮውን ይደፍናል። ነገሩ ግን እንደ ሐኪም እጅ ነው፤ የሚያመውን ቦታ የሚጫነው ሊያሳምም ብሎ አይደለም። ደግሞም በአንድ ሰው ላይ የደረሰውን መከራ የዚያ ሰው ጠባይ አድርገን ስናየው ማድረግ የምንችለው ወይ ማዘን ወይ መቆጣት ነው። የመከራውን መንገድ ተከትለን እስከ ምንጩ ስንሄድ ግን የምንሠራው ሥራ እናገኛለን።

ጎረቤቴ ግን በአንድ ንግግር የሚረታ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዘመን ተቆጣጣሪ ባልሆነ ነበር። «ይሁን» አለ። «ግን የምታፍረው የኔዋ ብቻ ናት። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ችግር ካለባቸው አፍ አላቸው፤ ይናገሩ ነበር።»

«ይጠይቋቸዋ።»

ያን ጊዜ ጭምቴ ተናገረች። «አባዬ፣ አንተ ብትጠይቃቸው ምንም የለም ነው የሚሉህ።»

«እንዴት?»

«እኔን ልጅህን ጠይቀኸኝ ምንም የለም አልኩህ አይደል?»

ጎረቤቴ የቀዘቀዘ ሻዩን ጠጣ።

«እንግዲያው አንቺ ጠይቂያቸው» አላት በመጨረሻ። «ግን እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ለአክስትሽ ልጅ ብለሽ እንዳትጨምሪ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትቀንሺ።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጭምቴ በምሳ እረፍት ከጓደኞቿ ጋር እየተቀመጠች ጠየቀች። ይህ ለእሷ ተራራ መውጣት ነበር። በመጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ አንዷ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ከዚያ ሌላዋ። ለካስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ተረት ለብቻ ለታመመ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም።

አንድ ማምሻ ላይ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ ሌላ ነበር።

«መምህር፣ ሁሉም ናቸው።»

«ምኑ?»

«ውሃ የማይጠጡት። አንዷ ጠዋት ቁርሷን የምትበላው ያለ ሻይ ነው። አንዷ እንዳይጠማት ብላ ጨው ያለበት ነገር አትቀምስም። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ እንጨቱን ከምታቅፍ ቢቸግራት ይሻላታል። ያቺ ሙሽራው ብላ ስም ያወጣችው ቀልደኛዋስ? እሷም ወገቧን ያማታል! የምትቀልደው ሌላዋ ላይ ካልቀለደች እሷ ላይ ስለሚቀለድ ነው አለች። እያንዳንዷ ‹የኔ አመል ነው› እያለች ለየብቻዋ ተደብቃ ኖራለች። እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ ‹አቤት ጨዋነት!› እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ።» ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «የክፍሉ የውሃ በርሜል ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ መምህር። እኔ ደግሞ በርሜሉ ትልቅ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አሰቡ?»

«አላውቅም። ለምኔ ብትኖር አንድ ረዥም ቃል ትነግረኝ ነበር።»

በማግሥቱ የሆነውን ከእሱም ከጭምቴም ሰማሁ፤ ሁለቱ የተለያዩት እልልታው ምን ያህል እንደቆየ ላይ ብቻ ነው።

ጠዋት መኪኖቹ ሁሉ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጎረቤቴ ከጠረጴዛው ተነሣ። እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሴቶቹ ለማን እንደሚያነሣ ስላልገባቸው ተያዩ። ከዚያ ሙሽራውን ብድግ አድርጎ ታቀፈና በመኪኖቹ መሃል መሄድ ጀመረ። መንገዱ አጭር ነው፤ በየቀኑ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚመላለስበት ነው። ያን ቀን ግን አላልቅ አለው። አንድ በአንድ መኪኖቹ ቆሙ። ጆሮው ጋለ። እንጨቱን በየትኛው ጎኑ እንደሚይዘው ጠፋው፤ ወደ ኮቱ ሥር ሊከተው ሞከረ፣ አልገባ አለ። በሩ ጋ ደርሶ ቁልፉን አስገባ። «ከፊታቸው ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ ቀልደኛዋ ከኋላ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ!» ብላ እልል አለች። ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ጎረቤቴ ዞሮ ተመለከታቸው፤ መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻም ሆዱ ሳቀ። በሩን ከፈተና ቁልፉን ከነእንጨቱ ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣ።

በሩ እንዳይቆለፍ ቢጠይቀው ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አልተቀበለውም። «ሥራ ይበደላል» አለ። ጎረቤቴም፣ «ጌታዬ፣ ይህን እንጨት ይዘው እስከ በሩ ድረስ አንድ ጊዜ ይሂዱልኝና ከዚያ እንነጋገር» አለው። ሥራ አስኪያጁ እንጨቱን ተመለከተ፤ ከዚያ በመስኮቱ የሚያዩትን ሴቶች ተመለከተ። ለሙከራ በሩ ክፍት እንዲሆን ፈቀደ።

በመጀመሪያው ሰሞን ብዙዎች ተነሡ። ጎረቤቴ እየተቁነጠነጠ ተመለከታቸው፤ ቁልፍ የለመደ እጅ ኪሱን መዳሰሱ አይቀርም። እየቆየ ግን ነገሩ ሁሉ ሰከነ። በርሜሉ ቀትር ሳይሞላ መጉደል ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ይይዛቸው የነበረው ራስ ምታትና መፍዘዝ ስለቀነሰ ተጣምሞ የሚፈታ ስፌት አነሰ። በሕመም የሚቀሩትም ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ ሙከራው መቼ እንደሚያልቅ መጠየቅ ተወ። እንጨቱ የውጭው በር ተከፍቶ እንዲቆይ ከሥሩ ተወተፈ፤ አሁንም ሙሽራው ይባላል፣ ግን በር ጠባቂ ሆኗል።

ሁሉ ነገር ተፈታ ማለቴ አይደለም። ሴቶቹ ስለ መስኮቶቹም፣ ስለ ወንበሮቹም መጠየቅ ጀምረዋል። «ለምን የሚባለው ነገር ተላላፊ ነው፣ መምህር» እያለ ጎረቤቴ ያማርራል። ሲያማርር ግን ፊቱ ላይ የድሮው ድካም የለም። ሁሉን የሚያውቅና ሁሉን የሚቆልፍ ሰው ሆኖ መኖርም ለካ ሸክም ኖሯል። ከዚህ የምንማረውም ይህ ነው፤ በቤታችንም በሥራችንም «አመሏ ነው፣ ዕድሉ ነው፣ ድሮም እንዲህ ነው» ስንል ቆም ብለን ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ብንጠይቅ፣ የሚፈታው የታሰረው ብቻ አይደለም፤ ያሠረውም እፎይ ይላል።

ባለፈው ደግሞ እንደገና በዚያው መጠበቂያ ክፍል ተገናኘን። እኔ ለደም ግፊቴ፣ እነሱ ለመጨረሻው ምርመራ። ለምኔም አብራቸው ነበረች። ሐኪሟ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «ደህና ነሽ። ኩላሊትሽ ንጹሕ ነው። እንዲሁ ቀጥዪ» አለቻት። ጎረቤቴ ዓይኑን በመሐረቡ ጠረገና አቧራው ነው አለ።

ልንወጣ ስንል ጭምቴ በግማሽ የጎደለውን ጠርሙሷን ለለምኔ ሰጥታ መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አላት አባቷ፣ እንደ ልማዱ።

ዞራ አየችው። «አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። ጎረቤቴም ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ።

«አይጠየቅም» አለ። «ሂጂ፣ የኔ ጨዋ።»